የባለሞላ የእጅ ሰዓት አሠራርና አጠባበቅ

በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ ከአባት ወይም ከአያት የተረፈ አንድ የእጅ ሰዓት አይጠፋም። ባለባትሪ ሰዓትና ስልክ ከበዙ ወዲህ ግን የባለሞላውን ሰዓት ጠባይ የሚያውቅ ሰው እያነሰ ሄዷል። ስለዚህ ከሰዓት አዳሾች ጠይቄ የተረዳሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች በአጭሩ ለመግለጽ አሰብሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ልብ እንዲባልልኝ የምፈልገው፥ ሰዓት መሄዱ ብቻ ጤነኛ መሆኑን እንደማያስረዳ ነው።

አሠራሩ

የሰዓቱ ኀይል የሚገኘው ከሞላው ነው። ይህም በትንሽ ከበሮ ውስጥ የተጠቀለለ ቀጭን የብረት ጥብጣብ ነው። መሙያውን ስናዞር ይጠብቃል፤ ሲላላም ኀይሉን ጥርስ ባላቸው መንኮራኩሮች በኩል ወደ ቆጣሪዎቹ ያስተላልፋል። ነገር ግን የሚያግደው ባይኖር ኀይሉ ሁሉ ወዲያውኑ ተፈትቶ ባለቀ ነበር። የማገዱን ሥራ የሚመራው ሚዛን የሚባለው ክብ መንኮራኩር ነው። እርሱም እንደ ፀጉር በቀጠነች ጥምዝ ሞላ እየተሳበ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ፥ የመንኮራኩሩን ጥርሶች አንድ በአንድ ያሳልፋል። የምንሰማው ድምፅ ከዚህ የሚመጣ ነው። ይህችን ጥምዝ ሞላ ለሰዓት እንደምታገለግል በጽሑፍ የገለጸው የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ ሲሆን፥ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1675 ነበር።

እስኪ ጥቂት እናስላ። ብዙዎቹ የቀድሞ ሰዓቶች በአንድ ሰዓት ውስጥ 18,000 ጊዜ ይመታሉ፤ ይኸውም በሴኮንድ 5 ጊዜ፥ በቀን 432,000 ጊዜ፥ በዓመት ከ157 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ነው። አንድ ቀን 86,400 ሴኮንድ ስለሆነ፥ በቀን 10 ሴኮንድ የሚዘገይ ሰዓት የተሳሳተው ከ8,640 አንዱን እጅ ብቻ ነው። እንግዲህ ባለሞላ ሰዓት በቀን ጥቂት ሴኮንድ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ የባሕርዩ ነውና ተበላሸ አይባልም።

የዘወትር አያያዝ

አንደኛ፥ ስለ መሙላት። በእጅ የሚሞላ ሰዓት በየቀኑ በአንድ የተወሰነ ጊዜ፥ ይልቁንም ጧት፥ ቢሞላ አካሄዱ እኩል ይሆናል። ሲሞላም ከእጅ ወልቆ ይሁን፤ እንደ ታሰረ ቢሞላ ጣታችን መሙያውን ወደ ጎን ስለሚጫነው ዘንጉ ሊጣመም ይችላል። ጣት እንቢታውን ሲሰማ ማቆም ነው። ብዙ ሰው «ከመጠን በላይ ተሞልቶ ቆመ» ይላል፤ ነገር ግን ሞላ እስከ መጨረሻው ቢጠብቅ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ካበቃ በኋላ በጉልበት ሲጠመዘዝ ነው። ተሞልቶ የማይሄድ ሰዓት ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው የደረቀ ዘይት ነው።

ሁለተኛ፥ ስለ ውሃ። በሰዓቱ ጀርባ 30 ሜትር ተብሎ ቢጻፍም ለመዋኛ ይሆናል ማለት አይደለም። ውሃ የሚከለክለው የላስቲክ ቀለበት በዕድሜ ይደርቃል፤ ሙቅ ውሃና እንፋሎትም ይጎዱታል። በመስተዋቱ ውስጥ ጉም የታየ እንደ ሆነ ዝገት ሳይጀምር በዚያው ቀን ወደ አዳሽ መውሰድ ይገባል።

ሦስተኛ፥ ስለ ማግኔት። በድምፅ ማጉያ፥ በስልክና በአንዳንድ ቦርሳ መዝጊያ ውስጥ ማግኔት አለ። የጥምዝዋ ሞላ ዙሮች በማግኔት እርስ በርሳቸው ከተጣበቁ፥ ሞላዪቱ እንዳጠረች ያህል ስለሚሆን ሰዓቱ በቀን ብዙ ደቂቃ ይቀድማል። አዳሹ ግን ማግኔቱን በሚያጠፋ መሣሪያ በአጭር ጊዜ ያድነዋል።

አራተኛ፥ ስለ ቀን መለወጫ። ቀን የሚያሳይ ሰዓት ቀኑን የሚለውጠው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲደርሱ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ይህ እኩለ ሌሊት ሲሆን፥ በእኛ አቆጣጠር ለተስተካከለ ሰዓት ግን ጧት ወይም ማታ 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ ቀኑ ማታ የሚለወጥ ከሆነ ቆጣሪዎቹን አንድ ሙሉ ዙር፥ ማለት 12 ሰዓት፥ ወደ ፊት ማዞር ነው፤ ከዚያ በኋላ ጧት ይለወጣል። ደግሞም ሰዓት ቆጣሪው በ12 በኩል ከ9 እስከ 3 ባለው ክፍል ሳለ ቀኑን በመሙያው ማዞር የመለወጫውን ጥርስ ሊሰብር ይችላል። አስቀድሞ ቆጣሪውን ወደ 6 ማውረድ ከዚህ አደጋ ያድናል።

ስለ እድሳት

አያቴ ሰዓታቸውን 11 ዓመት ሙሉ ሳያሳጥቡ አስረውታል። «በየቀኑ ይሄዳል፤ ምን ጎደለው?» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ሲቆም ወደ አዳሽ ይዘነው ሄድን። አዳሹ ከፍተው በማጉያ መነጽር አሳዩኝ፤ ዘይቱ ጠቁሮ እንደ ሙጫ ሆኗል፤ የአንዱ መንኮራኩር ጫፍም ተበልቶ ጎድጉዷል። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ፥ ዘይቱ ከደረቀ በኋላ ሞላው መግፋቱን ስለማይተው ብረቱ እየተፋተገ ይሄዳል፤ የሚወጣውም ዱቄት ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ እንደ ሞረድ ይበላዋል አሉኝ። ያን ዕቃ የሚሠራው ፋብሪካ ማምረቱን ስላቆመ፥ አዳሹ ምትኩን ያገኙት ካረጀ ሌላ ሰዓት ፈትተው ነው። እንደዚያ ያለ ሰዓት ባይኖራቸው ኖሮ የአያቴ ሰዓት በዚያው በቀረ ነበር።

ስለዚህ በየ3 ወይም በየ5 ዓመቱ ሰዓቱን ማሳጠብ ይገባል። ደንበኛ እድሳት ማለት ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ፥ እያንዳንዱ ዕቃ ታጥቦና ደርቆ፥ ዘይት በሚያስፈልገው ቦታ ብቻ በመርፌ ጫፍ ተቀብቶ እንደገና ሲገጠም ነው። ሳይፈታ ቤንዚን ውስጥ ቢነከር ቆሻሻው ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። በቤትም የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ያ ዘይት ተሰራጭቶ ጥምዝዋን ሞላ ሲነካ ዙሮችዋን ያጣብቃል።

በሣጥን ውስጥ የቆየ ሰዓት ያላችሁ ወላጆች ደግሞ፥ ይሠራ እንደ ሆነ ለማየት ብላችሁ አትሙሉት፤ በደረቅ ዘይት መሄዱ ራሱ ጉዳት ነውና። በተለይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ በፊት የተሠራና ቁጥሩ በጨለማ እንዲያበራ የተቀባ ሰዓት ከሆነ፥ ቀለሙ ራዲየም ያለበት ሊሆን ስለሚችል በቤት አይከፈት፤ አዳሹም አስቀድሞ ይነገረው።

ሲታጠብ የሚከፈለው ዋጋ ዕቃ ጠፍቶ ከሚደርሰው ወጪና ድካም ያነሰ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ሰዓታችሁ መቼ እንደ ታጠበ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ቀኑን በደብተር እንድትጽፉ አሳስባለሁ።