ከሹመት በኋላ

ልጆች ሆይ፥ ከዳምቦያ እስከ ባሕር ያለው መንገድ እጅግ ሩቅ ነው። ከእናንተ መካከል መርከብ ያየ ምናልባት የለም። ዛሬ የምታነቡት ግን የአንድ የባሕር ኃይል መኮንን ታሪክ ነው፤ ታሪኩም ከመርከብ ተነሥቶ በአገራችን እስካለው እስከ ጋምቤላ ኩሬ ይደርሳል።

ጂሚ ካርተር በመስከረም 21 ቀን 1917 ዓ.ም. በአሜሪቃ፥ በጆርጂያ ክፍል፥ ፕሌይንስ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ኦቾሎኒና ጥጥ የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ። እርሳቸው ግን ባሕርን ተመኙ፤ በ1938 ዓ.ም. ከባሕር ኃይል ትምህርት ቤት በመኮንንነት ወጡ፤ ኋላም ከውሃ በታች በሚሄድ ሰርጓጅ መርከብ አገለገሉ።

በ1945 ዓ.ም. በካናዳ አገር የአቶም ኃይል የሚሠራበት ምድጃ ተበላሸ። ከዚህ ምድጃ የሚወጣው ጨረር በዓይን አይታይም፤ ሰውን ግን ይጎዳል። ስለዚህ አንድ ሰው በውስጡ ሊቆይ የሚችለው 90 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ካርተርና ጓደኞቻቸው የምድጃውን አምሳል በውጭ ሜዳ ላይ ሠርተው መፍታቱን ተለማመዱ፤ ከዚያም በየተራ እየገቡ ፈጥነው ሠርተው ወጡ። ካርተርም አለቃ ነኝ ብለው በውጭ አልቀሩም፤ ተራቸው ሲደርስ ገቡ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ አባታቸው ታመው ሞቱ። በአልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ሳሉ ብዙ ጎረቤቶች፥ ነጩም ጥቁሩም፥ እየመጡ አባታቸው በችግር ጊዜ በስውር እንዴት እንደ ረዷቸው ነገሯቸው። ልጅየው ይህን አያውቁም ነበር። የራሳቸውን ኑሮ ከአባታቸው ኑሮ ጋር አመዛዝነው ከባሕር ኃይል ተሰናበቱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮዛሊን ነገሩን እጅግ ጠሉት፤ እኔም አልፈርድባቸውም፤ ደመወዝ ትቶ ወደ እርሻ መመለስ ቀላል አይደለምና። ደግሞም ወዲያው ድርቅ መጥቶ ትርፉ ከምንም የማይቈጠር ሆነ።

ከዚህ በኋላ ካርተር የክፍላቸው የምክር ቤት አባል፥ ቀጥሎም የጆርጂያ ገዥ፥ በ1969 ዓ.ም. የአሜሪቃ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በመስከረም 1971 ዓ.ም. ግብጽንና እስራኤልን አስታረቁ። ነገር ግን በ1973 ዓ.ም. በምርጫ ተሸንፈው በ56 ዓመታቸው ወደ መንደራቸው ተመለሱ።

በእኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል ክፉ ተረት አለ። ካርተር ከተሻሩ በኋላ የቈጫቸው ሌላ ነገር ነበር። በአትላንታ ከተማ በስማቸው የተጠራውን ማዕከል አቁመው፥ ታላላቅ ሰዎች ከማያስቡት ከአንድ ትል ጋር መዋጋት ጀመሩ።

ይህ የጊኒ ትል ይባላል። የኩሬ ውሃ ሳያጣራ የሚጠጣ ሰው የትሉን እጭ የያዙ ጥቃቅን ነፍሳትን አብሮ ይጠጣል። ከአንድ ዓመት በኋላ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም ትል፥ አብዛኛውን ጊዜ ከእግሩ ላይ፥ ቆዳውን በስቶ ይወጣል። ሕመሙ እንደ እሳት ያቃጥላል። የሚገድለው መድኃኒትም ክትባትም አልተገኘለትም፤ በትንሽ እንጨት ላይ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጠቀለሉ ያወጡታል፤ ቢቸኩሉ ይበጠሳል። ሕመምተኛው ቃጠሎውን ለማብረድ እግሩን በኩሬ ቢነክር፥ ትሉ እጁን... ሳይሆን እልፍ እጩን በውሃው ይረጫል፤ በዚህም አንድ ሰው ሳያውቅ መንደሩን ሁሉ ያስይዛል።

መከላከያው ውሃውን በጥሩ ጨርቅ ማጥለል ነው። ይህ ወተት ከማጥለል አይከብድም፤ የሚከብደው በየመንደሩ ዞሮ እያንዳንዱን ሰው ማስተማር ነው። በ1978 ዓ.ም. ገደማ በአፍሪቃና በእስያ በየዓመቱ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው በዚህ ትል ይታመም ነበር። የየአገሩ ጤና ሠራተኞችና የመንደር ሰዎች ከማዕከሉ ጋር ብዙ ዓመት ደከሙ። በኢትዮጵያ ትሉ የቆየው በጋምቤላ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. በአገራችን አንድም ሰው አልታመመም። ሆኖም ትሉ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይም ስለ ተገኘ ጥበቃው አልቀረም።

በነሐሴ 2007 ዓ.ም. ካርተር ካንሰር እንደ ያዛቸው ሲናገሩ፥ የመጨረሻው የጊኒ ትል ከእርሳቸው በፊት እንዲሞት እንደሚመኙ ገለጡ። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በመቶ ዓመታቸው፥ በፕሌይንስ ቤታቸው ዐረፉ። በፈረንጆች አቈጣጠር ባረፉበት ዓመት በዓለም ሁሉ በዚህ ትል የታመሙት ሰዎች 15 ነበሩ።