የቤተሰብ ዕዳና የፍርድ አፈጻጸም፦ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ላሉ ቤተሰቦች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በሸዋ ሮቢት ከተማ፣ በቀወት ወረዳና በዙሪያው ባለው የይፋት ቆላ የቤተሰብ ዕዳ በአብዛኛው ወቅትን ተከትሎ የሚመጣ ነው፤ የሽንኩርት ችግኝ፣ የማዳበሪያና የውኃ መሳቢያ ሞተር ነዳጅ የሚገዛው ገንዘብ እጅ ላይ በሌለበት ጊዜ በመሆኑ ገበሬው ከምርቱ በፊት ይበደራል፣ ማሾው፣ ጤፉ ወይም ሽንኩርቱ ሲሸጥ ደግሞ ይከፍላል። የሽንኩርት ዋጋ በወረደበት ወይም ዝናቡ በተዛባበት ዓመት ግን የመክፈያው ቀን እንጂ ገቢው አይደርስም። በዚህ ላይ በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ የደረሰው ቃጠሎ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ከተማ ውስጥ መግባቱና ከዚያም ወዲህ ያልተቋረጠው የጸጥታ ችግር ብዙ ቤተሰቦችን ከንብረታቸው አፈናቅሏቸዋል፤ ሱቁና ዕቃው ቢጠፋም የብድር ውሉ ባለበት ስለሚቆይ ንብረት ያጣው ሰው ዕዳው ብቻ ይቀርለታል።

ይህ መመሪያ የሚያተኩረው ዕዳው ከአቅም በላይ በሆነበት ወቅት ቤተሰቡ ምን በምን ቅደም ተከተል ማድረግ እንዳለበት ነው። ሕጉ ለባለዕዳ የሰጠው ጥበቃ ብዙዎች ከሚያስቡት የሰፋ ቢሆንም ጥበቃው የሚሠራው ለቀረበና ለጠየቀ ሰው ነው፤ መጥሪያ ሲመጣ በሩን የዘጋ፣ ወይም ወደ አዲስ አበባና ወደ ዐረብ አገር ሄዶ ድምፁን ያጠፋ ባለዕዳ መከራከሪያውን ሁሉ ለአበዳሪው ትቶ እንደሄደ ይቆጠራል።

በቅድሚያ በር የሚያንኳኳው ሰው ማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የፍርድ አፈጻጸም የሚባለው ፍርድ ቤት የወሰነው ገንዘብ በውዴታ ሳይከፈል ሲቀር ፍርድ ቤቱ ራሱ የባለዕዳውን ንብረት አስይዞና በሐራጅ (ማለትም በግልጽ ጨረታ) አሽጦ ለፍርድ ባለመብቱ የሚያስከፍልበት ሥርዓት ነው፤ ንብረት ለመያዝ የሚመጣውም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተላከ የአፈጻጸም ሠራተኛ ሲሆን አስፈላጊ ሲሆን ፖሊስና የቀበሌ አስተዳደር አብረው ይገኛሉ። ከዚህ ውጭ ያለ ሰው፣ የብድር ተቋም ሠራተኛም ሆነ ግለሰብ አበዳሪ፣ ማስታወስና መጠየቅ ይችላል እንጂ ከባለዕዳው ቤት ፍየል ነድቶ ወይም ቴሌቪዥን ተሸክሞ የመውጣት ሥልጣን የለውም።

አንደኛ ደረጃ፦ ዕዳውን በአንድ ወረቀት መመዝገብ

ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ለማን፣ መቼ፣ ስንት፣ በምን ወለድ፣ በምን መያዣና በማን ዋስትና እንደተበደሩ አንድ በአንድ ይጻፉ። አሁን ፀደይ ባንክ ከሆነው ከቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) የተወሰደው፣ ከቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የመጣው፣ በቴሌብር የተወሰደው ትንንሽ ብድር፣ ቀድሞ ወጥቶ ገና ያልተጣለ የእቁብ ዕጣ፣ ከዘመድ በቃል የተወሰደው፣ ከአራጣ አበዳሪ የመጣው ሁሉ መግባት አለበት። ባል የማያውቀው የሚስት ዕዳ ወይም ሚስት የማታውቀው የባል ዋስትና በዚህ ጊዜ ካልወጣ ኋላ በፍርድ ቤት መጥሪያ መውጣቱ አይቀርም። የቤተሰብ ሕጉ ለኑሮና ለትዳር ጥቅም የተገባን ዕዳ የሁለቱም የጋራ ዕዳ አድርጎ ይመለከተዋል፤ በሌላ በኩል ከተወሰነ መጠን በላይ መበደርና ለሌላ ሰው ዋስ መሆን የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት የሚጠይቁ ተግባራት በመሆናቸው ያልተስማማ ተጋቢ የሚያቀርበው የራሱ መከራከሪያ አለው፤ መብቱ በጊዜ የተገደበ ስለሆነ ግን ባወቀ ጊዜ ሳይዘገይ ማመልከት አለበት።

ቀጥሎ ወለዱ ይመርመር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል ባለ የገንዘብ ብድር ተዋዋዮች ከ100 ብር በዓመት ከ12 ብር በላይ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል፤ ወለድ እንዲከፈል ተስማምተው ልኩን በጽሑፍ ካልወሰኑ የሚታሰበው 9 በመቶ ነው። ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት በራሳቸው ሕግ ስለሚመሩ ይህ ገደብ ለእነርሱ አይደለም። 20,000 ብር በወር 10 በመቶ የተበደረ ሰው በዓመት 24,000 ብር ወለድ ሲጠየቅ በሕጉ ጣሪያ ሊጠየቅ የሚችለው ግን 2,400 ብር ብቻ ነው፤ ይህን የመሰለው ብድር አራጣ ይባላል፣ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 ደግሞ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ችግሩ አራጣ አበዳሪው ወለዱን በዋናው ገንዘብ ላይ ደምሮ ያልተሰጠውን እንደተሰጠ አስመስሎ ማጻፉ ነው፤ የተፈረመበትን ሰነድ ማስተባበል ከባድ ስለሆነ ብድር ሁልጊዜ በባንክ ሂሳብ በኩል መቀበል ያሻል፤ በእጅ የተሰጠው ገንዘብ ዱካ አይተውም።

ከዚህ የባሰው በመያዣነት የሚሰጥ ቀን ያልተጻፈበት ቼክ ነው። በቂ ስንቅ (ማለትም በሂሳቡ ውስጥ የሚከፈል ገንዘብ) የሌለው ቼክ ማውጣት በራሱ በወንጀል የሚያስጠይቅ በመሆኑ ተራ የነበረው የገንዘብ ክርክር በአንድ ፊርማ ወደ እስር ሊያደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ቼክ የሰጠ ሰው ከሌሎቹ ዕዳዎች ሁሉ አስቀድሞ ቼኩን የሚያስመልስበትን መንገድ መፈለግ ይኖርበታል።

ቅደም ተከተሉ ከዚህ ይወጣል። የቤተሰቡ ቀለብ፣ መድኃኒትና የመጪው ወቅት ዘር ከማንኛውም ዕዳ ይቀድማሉ፤ ዘሩን ሸጦ ዕዳ የከፈለ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ባዶ ማሳ ላይ ይቆማልና። ከእነርሱ ቀጥሎ ቼክ ያለበት፣ ቤት የተያዘበት፣ እንዲሁም የቡድን ዋስትና ያለበት ዕዳ ይመጣል፤ የቡድን ዋስትና ማለት አንዱ አባል ሲያቅተው ሌሎቹ የሚከፍሉበት በመሆኑ መዘግየቱ ጎረቤትን ከጎረቤት ያቆራርጣል። ዋስ የሆነ ሰውም ውሉን ማንበብ ይገባዋል፤ ዋስ የሆነበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ በጽሑፍ ያልተወሰነ ዋስትና በሕግ ፊት አይጸናምና።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ መነጋገር

አበዳሪው ተቋም ከሆነ ባለዕዳው የመክፈያው ቀን ከማለፉ በፊት በጽሑፍ ማመልከት፣ ሰብሉ የተጎዳ ወይም ንብረቱ በጦርነት የጠፋ ከሆነም ከቀበሌውና ከወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ማስረጃ አያይዞ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም መጠየቅ አለበት፤ የማመልከቻው ግልባጭ ገቢ ተደርጎ ማኅተም ይረፍበት። አበዳሪው ግለሰብ ከሆነ የይፋት ሰው የለመደው የሽማግሌ መንገድ አለ፤ ሼሆችና ቀሳውስት፣ የእድር ዳኞችና የሰፈር አዛውንቶች የሚያስታርቁት ዕዳ ከፍርድ ቤቱ ይልቅ ወጪው ያነሰ፣ ቂሙም የቀለለ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር መሰጠቱም ሆነ መመለሱ በሕግ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ስለሆነ የዕርቁ ቃል በወረቀት ላይ መውረድ፣ ቀሪው ዕዳ፣ የየክፍያው ቀንና የምስክሮች ፊርማ ሊኖርበት ይገባል።

በጭንቀት ጊዜ የሚወሰዱ ሁለት እርምጃዎች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው ሰብሉን ገና በማሳ ላይ ሳለ ለአበዳሪው በርካሽ መሸጥ ሲሆን ሁለተኛው ማሳን በወለድ አገድ ማስያዝ ነው፤ ወለድ አገድ ማለት አበዳሪው ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ድረስ በወለዱ ፈንታ መሬቱን እያረሰ የሚጠቀምበት ውል ነው። ዋናው ገንዘብ በዚህ መንገድ ስለማይቀንስ ማሳው ለዓመታት በሌላ እጅ ይቀራል፤ ገበሬውም ዕዳውን ሊከፍልበት የሚችለውን ብቸኛ ገቢ ያጣል። መሬት ማከራየት ግድ ከሆነ ዘመኑ የተወሰነና በወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት የተመዘገበ ኪራይ ይሻላል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ መጥሪያ ሲደርስ

መጥሪያ አለመቀበል ክሱን አያስቀረውም፤ ተከሳሹ ባይቀበል መጥሪያው በበሩ ላይ ተለጥፎ እንደደረሰው ሊቆጠርና ጉዳዩ በሌለበት ታይቶ ሊፈረድበት ይችላል። ስለዚህ መጥሪያውን ተቀብሎ የቀጠሮውን ቀንና መልስ የሚቀርብበትን ቀን መለየት፣ ማንበብ የማይችል ሰውም በዚያው ቀን የሚያነብለት መፈለግ አለበት። በተለይ የዕዳ ሰነድን መሠረት ያደረገ ክስ በአጭር ሥነ ሥርዓት የቀረበ እንደሆነ ተከሳሹ ለመከራከር እንዲፈቀድለት በመሐላ በተደገፈ ማመልከቻ አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ይህን ሳያውቅ በቀጠሮው ቀን ባዶ እጁን የቀረበ ሰው አፉን ሳይከፍት ይፈረድበታል። መጥሪያው ሳይደርሰው በሌለበት የተፈረደበት ሰው ደግሞ ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት ሊያመለክት ይችላል። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ሰው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ወይም የወረዳውን ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።

አራተኛ ደረጃ፦ የአፈጻጸም መዝገብ ሲከፈት

የፍርድ ባለመብቱ የአፈጻጸም ማመልከቻ ሊያቀርብ የሚችለው ፍርዱ ከተሰጠ በ10 ዓመት ውስጥ ነው። ፍርድ ቤቱ ባለዕዳውን አስቀርቦ ምን ሀብት እንዳለው ይጠይቀዋል፤ እውነቱን መናገር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ባለዕዳ ሊታሰር የሚችለው መክፈል እየቻለ እንቢ ሲል ወይም ሀብቱን ሲያሸሽ ሲሆን እስሩም ከ6 ወር አይበልጥም፤ የእውነት ያጣ ሰው በማጣቱ ብቻ አይታሰርም። ቀድሞ ባለዕዳና አበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙበት ከነበረው ሥርዓት አንጻር ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም ሰው የውል ግዴታውን መወጣት ባለመቻሉ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። ላምን በወንድም ስም ማዛወር ወይም ሞተርን ሌሊት ወደ አጎት ቤት ማሻገር ግን ይህን ጥበቃ ያሳጣል።

በዚህ ችሎት የሚቀርበው ጠቃሚ ነገር የክፍያ ሐሳብ ነው። ባለዕዳው «እከፍላለሁ» ከማለት ይልቅ ማሾውና ጤፉ ተሰብስቦ ሲሸጥ ይህን ያህል፣ የመስኖ ሽንኩርቱ ሲነሣ ይህን ያህል ብሎ ከእርሻው ወቅት ጋር የሚሄድ ሠንጠረዥ ቢያቀርብ አበዳሪውም ሆነ ዳኛው የሚይዙት ነገር ያገኛሉ። ክፍያው ሲፈጸም በፍርድ ቤቱ በኩል ገቢ ይደረግ፤ ለአበዳሪው በእጅ ከተሰጠም መከፈሉ በመዝገቡ ላይ እንዲገለጽ ማድረግ ግዴታ ነው፣ አለዚያ ሁለተኛ ጊዜ እስከ መጠየቅ ይደርሳል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ሠራተኛው ንብረት ለመያዝ ሲመጣ

በመጀመሪያ ትእዛዙን ማየት፣ የመዝገቡን ቁጥር፣ የባለዕዳውን ስም፣ የገንዘቡን ልክና ማኅተሙን ማረጋገጥ፣ የሠራተኛውንም መታወቂያ በትሕትና መጠየቅ ይገባል። በጉልበት መከልከል በወንጀል ስለሚያስጠይቅ ቅሬታ ሁሉ በጽሑፍ ተመዝግቦ ለፍርድ ቤቱ መቅረብ አለበት እንጂ በደጃፍ ላይ ጠብ መሆን የለበትም፤ ሽማግሌ ወይም ጎረቤት በምስክርነት ቢጠራ መልካም ነው።

ከሁሉም በላይ ቤተሰቡ ሊያውቀው የሚገባው የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 404 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ለባለዕዳውና ለቤተሰቡ አስፈላጊ የሆነ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና የአልጋ ልብስ፣ ባለዕዳው በሙያው የሚሠራባቸው መሣሪያዎች፣ ለቤተሰቡ ለ3 ወር የሚበቃ ምግብና ገንዘብ፣ ጡረታና ቀለብ አይያዙም፤ ከደመወዝም ሁለት ሦስተኛው አይነካም። የልብስ ሰፊ መኪና፣ የአናጢ መጋዝና የሸማኔ ዕቃ በዚህ ውስጥ ሲገቡ ገበሬም የእርሻ በሬዎቹና የዘር እህሉ ለመተዳደሪያው የማይቀሩ መሆናቸውን ጠቅሶ እንዳይያዙ መጠየቅ አለበት። የእናት ሌማትና ምጣድ እንዳይያዝ ሕግ ያወጣ አገር ይህን በደጃፏ የሚያስረዳት ሰው ሊያሳጣት አይገባም።

የሌላ ሰው ንብረት ከተያዘም መፍትሔ አለ። ዘመድ ለእርባታ ያስቀመጣት ላም፣ ተከራይ ያስገባው ማቀዝቀዣ ወይም ከጋብቻ በፊት የአንደኛው ተጋቢ ብቻ የነበረ ንብረት የተያዘበት ሰው በአንቀጽ 418 መሠረት ንብረቱ የራሱ መሆኑን በማስረጃ አስደግፎ ለአፈጻጸም ችሎቱ ተቃውሞ ያቀርባል፤ ከሐራጁ በፊት መቅረቡ ወሳኝ ነው። መሬትን በተመለከተ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ስለሚደነግግ የእርሻ ማሳ ራሱ በሐራጅ አይሸጥም፤ በከተማ የተሠራ ቤት ግን ይሸጣል። የተያዘው ዕቃ ሁሉ በዝርዝር ተጽፎ፣ ግምቱ ተመልክቶና ተፈርሞ ግልባጩ ከቤተሰቡ እጅ ሳይገባ ሠራተኛው እንዳይሄድ ይጠየቅ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ሐራጅና የመዝገቡ መዘጋት

ግምቱ ከገበያው ዋጋ በታች መስሎ ከታየ ሳይዘገዩ መቃወም ያስፈልጋል፤ የሰንበቴ የእሑድ ገበያን የሚያውቅ ሰው የአንድ ወይፈን ዋጋ ስንት እንደሆነ በምስክር ማስረዳት አያቅተውም። ዕዳውና ወጪው ጨረታው ሳይጠናቀቅ ከተከፈለ ሽያጩ ይቆማል፤ አበዳሪው ከተስማማም ባለዕዳው የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ገዢ ራሱ ፈልጎ ማቅረብ ይችላል። ቤቱን ለባንክ ያስያዘ ሰው ግን ሌላ መንገድ እንደሚጠብቀው ማወቅ አለበት፤ በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ያለ ፍርድ ቤት በጨረታ እንዲሸጡ ስለሚፈቅድላቸው ያ ማስጠንቀቂያ በደረሰ ሳምንት ከባንኩ ጋር መነጋገር ካልተጀመረ ጊዜው ያልቃል።

ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ ባለዕዳው መዝገቡ እንዲዘጋ በጽሑፍ ያመልክት፤ በቤት፣ በተሽከርካሪ ወይም በባንክ ሂሳብ ላይ የወጣ እግድ ካለም የማንሻውን ደብዳቤ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱና ለባንኩ ራሱ ያድርስ። የብድር ውሉ ዋና ቅጂ፣ በመያዣነት የተሰጠው ቼክና የይዞታ ደብተሩ ከአበዳሪው እጅ ይመለሱ፤ ከአበዳሪውም «ቀሪ ዕዳ የለበትም» የሚል የተፈረመ ወረቀት ተወስዶ ከደረሰኞቹ ጋር አብሮ ይቀመጥ።