ነጭና ሰማያዊ ባቡር በእንጨት፦ መስመሩን አጥርቶ መቀባት

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡብ መስመር ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ባቡሮቹ ነጭና ሰማያዊ ናቸው፤ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚመላለሱት ግን ነጭና አረንጓዴ። በቃሊቲ ማረሚያ ቤት የእንጨት ሥራ የሚማር ታራሚ ከቁርጥራጭ ጣውላና ከኮምፔንሳቶ የባቡር ሞዴል ልሥራ ቢል፣ ከዚህ የቀረበ አርአያ አያገኝም። አካሉን ቆርጦ ማጣበቁ ለአናጺ አያዳግትም። የሚያስቸግረው የቀለሙ መስመር ነው፤ ከእውነተኛው 50 ጊዜ ባነሰ ሞዴል ላይ 1 ሚሊ ሜትር ያለፈ ቀለም በትልቁ ባቡር 5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነውና። ለዚህ የሚያስፈልገው የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው የሚሉ አሉ። ጥሩ እጅ አንድ መስመር አሳምሮ ይስባል፤ ግራና ቀኙን እኩል ማውጣት ግን ያቅተዋል። ጥራቱ የሚወሰነው ሰማያዊው ቀለም ከመነካቱ በፊት ነው።

መጀመሪያ የእንጨቱን ቀዳዳ በስቱኮ ይድፈኑና በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፤ ሸካራ ገጽ ላይ መስመሩን የሚከልለው የወረቀት ፕላስተር በደንብ አይቀመጥም። ከዚያ መላ አካሉን ሁለት ጊዜ ስስ ነጭ ይቀቡ። ነጩ የሚቀድመው ሰማያዊ ነጭን በቀላሉ ስለሚሸፍን ነው፤ ነጭ ሰማያዊን ለመሸፈን ግን ብዙ ድርብርብ ይፈልጋል፣ ያ ድርብርብም ጠርዙ ላይ እርከን ይሠራል። የዘይት ቀለም ከሆነ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ በክረምት ደግሞ ከዚያ በላይ ይታገሡ። በማይታይ ቦታ በጥፍር ሲጫኑት ምልክት ከያዘ አልደረቀም። ፕላስተር ነጩን ይልጣል የሚለው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ችኮላ ነው።

ባቡሩን ለጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ ያቁሙ። እርሳስ በሚፈልጉት ከፍታ ልክ በተቆረጠ እንጨት ላይ ያስሩና እንጨቱን በባቡሩ ዙሪያ ያንሸራቱ፤ አራቱም ጎን አንድ ከፍታ ላይ ይሰመራል። የወረቀት ፕላስተሩን መስመሩን አስይዘው ከመለጠፍዎ በፊት አንድ ጊዜ ጨርቅ ላይ ለጥፈው ያንሱት፣ ሙጫው ይለዝባል። የጥቅሉ ጠርዝ አቧራ ስለሚይዝ በማስመሪያና በምላጭ አዲስ ጠርዝ ማውጣት ይመረጣል። ምላጭ ያለ አሠልጣኝ በማይሰጥበት ቦታ ግን ጥቅሉን በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥ ጠርዙን በንጽሕና ያቆያል። ጎበጥ ላለው የባቡሩ ፊት ቀጭን ቁራጭ ይጠቀሙ፤ ሰፊው ሲታጠፍ ይጨማደዳል። በመጨረሻ ጠርዙን በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን ያድርጉት።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይመጣል፤ በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ እንደገና ነጭ ይቀቡ። ፕላስተር ምንም ቢጫኑት ሥሩ ጥቃቅን ክፍተት ይቀራል፣ ቀጭን ፈሳሽም ወደ ጠባብ ክፍተት ራሱ ይሳባል። ቀድሞ የገባው ነጭ ከሆነ ከሥሩ ካለው ነጭ ጋር ስለሚመሳሰል አይታይም፣ ለሰማያዊውም መግቢያ አይተውም። ቀለምና ጊዜ ያባክናል የሚል ካለ፣ የሚፈጀው ጥቂት ጠብታ ነው፤ የፈሰሰ ሰማያዊ ለማረም ግን አካሉ ተፍቆ እንደ አዲስ ይቀባል። ነጩ ሲደርቅ ሰማያዊውን ሁለት ጊዜ በስሱ፣ ብሩሹን ከፕላስተሩ ወደ አካሉ እየሳቡ ይቀቡ። ቀለሙ እጅ ላይ መጣበቁን ሲያቆም፣ ድርቅ ከማለቱ በፊት፣ ፕላስተሩን ወደ ኋላ አጥፈው በዝግታ ይላጡ። ፈጽሞ ከደረቀ ከፕላስተሩ ጋር እየተሰበረ ይነሳል።