የንጥረ ነገር ዑደትን በተፋሰስ መለካት፦ ከሃባርድ ብሩክ ሙከራ የሚገኝ ትምህርት

በሥርዓተ ምኅዳር ውስጥ ንጥረ ነገሮች ከአፈር ወደ ዕፅዋት፣ ከዕፅዋትም በቅጠል መርገፍና በመበስበስ ተመልሰው ወደ አፈር ይዘዋወራሉ። ይህን ዝውውር በቀጥታ መለካት አዳጋች ስለሆነ ብዙ ጥናቶች የሚገባውን ከሚወጣው ጋር በማነጻጸር ይጀምራሉ። ለዚህ ዘዴ ዋነኛ ማሳያ የሆነው በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት የሚገኘው የሃባርድ ብሩክ የምርምር ደን ነው።

ኸርበርት ቦርማን፣ ጂን ላይከንስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1963 ጥናቱን ሲጀምሩ አነስተኛ ተፋሰስን የመለኪያ አሃድ አደረጉ። ከአፈሩ ሥር ያለው አለት ውኃ እምብዛም ስለማያሰርግ ከተፋሰሱ የሚወጣው ውኃ በአንድ ጅረት ይሰበሰባል። ስለዚህ ገቢው በዝናብና በበረዶ መለኪያ፣ ወጪው ደግሞ በጅረቱ መውጫ በተሠራ አነስተኛ የመለኪያ ግድብ ይታወቃል። የንጥረ ነገሩ መጠን የሚሰላው የውኃውን መጠን በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ባለው ንጥረ ነገር በማባዛት ነው። ለምሳሌ ከአንድ ሄክታር በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢወጣና በሊትር 1 ሚሊ ግራም ካልሲየም ቢይዝ፣ የሚወጣው ካልሲየም 8 ኪሎ ግራም ይሆናል።

ይሁን እንጂ ወጪው አነስተኛ መሆኑ በውስጥ የሚዘዋወረው ጥቂት ነው ማለት አይደለም። ይህን በግልጽ ያሳየው በተፋሰስ 2 የተደረገው ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1965 መጨረሻ ጀምሮ ዛፎቹ በሙሉ ተቆርጠው በቦታቸው ተተዉ፤ እንዳያቆጠቁጡም ለሦስት ተከታታይ ክረምት ሳይሆን በበጋ ወራት ፀረ አረም ተረጨ። በመጀመሪያው ዓመት የውኃው ፍሰት በ40 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ በጅረቱ ያለው ናይትሬትም ደኑ ባይቆረጥ ይኖር ከነበረው ከ40 እጥፍ በላይ ሆነ። መበስበሱ ሲቀጥል ናይትሮጅኑን የሚወስድ ሥር አልነበረም። ናይትሬት ሲፈጠር የሚለቀቀው የሃይድሮጂን አዮንም ካልሲየምንና ፖታሲየምን ከአፈር ቅንጣቶች አላቀቀ። ለውጡን ከአየር ሁኔታ መዋዠቅ ለመለየት ያስቻለው ያልተነካ ጎረቤት ተፋሰስ አብሮ መለካቱ ነው።

ዘዴው ወሰን አለው። ናይትሮጅን በጋዝ መልክ ስለሚገባና ስለሚወጣ የጅረት ልኬት ብቻውን ሙሉ ሚዛኑን አይሰጥም። ፎስፈረስም በአብዛኛው ከአፈር ቅንጣት ጋር ይጓዛል። ስለሆነም የአፈር መሸርሸር በሚበረታባቸው የኢትዮጵያ ደጋማ ተፋሰሶች ዘዴውን የሚጠቀም ጥናት ከሟሟው ንጥረ ነገር ጎን ደለሉንም መለካት፣ አለቱ ውኃ የሚያሰርግ መሆን አለመሆኑንም አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።