ዶሮ፣ ጾምና መጋቢነት

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታችን አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ አበርክቶ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ፣ የተረፈው እንዲሰበሰብ ደቀ መዛሙርቱን አዘዛቸው። ሲሰበሰብም 12 መሶብ ሞላ። ስለ እንጀራው መብዛት ብዙ ተሰብኳል፤ ስለ ትርፍራፊው መሰብሰብ ግን እምብዛም አይነገርም። ነገሩን ቆም ብለን እናስተውለው። ጥቂቱን ማብዛት የሚችል አምላክ ቁርስራሽ ያጥረዋልን? ነገ ቢርባቸው ዳግመኛ ማበርከት ይሳነዋልን? አይሳነውም። ታዲያ ስለ ምን ሰብስቡ አለ ቢሉ፣ ሀብት በእጃችን በበዛ ጊዜም የሰጪው ገንዘብ መሆኑ እንዳይረሳን ነው። እኛ መጋቢዎች ነን። መጋቢ የሚጠየቀው ስለ ዋናው ብቻ ሳይሆን ስለ ተረፈውም ነው።

ይህን ትምህርት ዛሬ በሐይቅና በአምባሰል ጓሮዎች በምትጭረው ዶሮ ላይ እንማረዋለን። በሬ የሌለው ቤት አለ፤ ላም የሌለችው ቤትም አለ፤ ዶሮ የሌለበት ቤት ግን ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የዶሮዋ ባለቤት እናት ናት። ጨዉና ዘይቱ፣ የልጆቹ ደብተር፣ የሰንበቴው መዋጮ ከእንቁላሉ ይወጣል። «ዶሮ ደግሞ ምን አላት» ብሎ መናቅ አይገባም። አእዋፍ በዕለተ ሐሙስ በእግዚአብሔር ቃል የተፈጠሩ ናቸው። ጌታም ለኢየሩሳሌም ባዘነላት ጊዜ፣ ፍቅሩን የገለጠው ጫጩቶቿን በክንፎቿ ሥር በምትሰበስብ ዶሮ ነው።

ስለ ብክነት ሲነገር የሰው ሐሳብ ወደ ድስቱ ይሄዳል፤ ወጡ ሻገተ፣ መረቁ ተደፋ ይባላል። ይህም ብክነት ነው፤ ግን ትንሹ ነው። ትልቁ ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት በጓሮ የሚያልቀው ነው። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ ላይ 12 ብናስታቅፋት ዘጠኝ ወይም ዐሥር ጫጩት ታወጣለች። የሚጠብቃቸው ሰው ከሌለ ግን ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ፤ ጭልፊት ይነጥቃቸዋል፣ ሸለምጥማጥ ይበላቸዋል፣ ብርድና በሽታ ይፈጃቸዋል። እናቲቱ 21 ቀን ሙሉ ለእህልና ለውሃ ብቻ እየተነሣች የታቀፈችው ድካም በሁለት ወር ውስጥ ከንቱ ሲቀር፣ ከዚህ የበለጠ ምን ብክነት አለ?

መድኃኒቱ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ለማስታቀፍ ከሳምንት ያልበለጠው፣ ያልተሰነጠቀና መካከለኛ መጠን ያለው እንቁላል ይመረጣል። በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ሌሊት መብራት አጥፍቶ እያንዳንዱን እንቁላል በባትሪ ፊት መያዝ ነው። ሕይወት ያለበት ከሆነ ከአንድ ጥቁር ነጥብ የተነሡ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ይታያሉ። ያልዳበረው ግን ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ ይበራል። እሱ ወጥቶ በደንብ ተቀቅሎ ይቀመጥና ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ለምን አይሰጣቸውም ብትሉ፣ እስከዚያ ይበላሻል፤ ቀደም ብለው ለተፈለፈሉ ሌሎች ጫጩቶች ወይም ለውሻ በዚያው ቀን ይሰጥ። ከእናቲቱ ሥር ከተተወ ግን ይሸታል፤ ከፈነዳም ደህናዎቹን ይበክላል።

ከተፈለፈሉ በኋላ እናቲቱን በሰፊ ቅርጫት ሥር ማቆየት፣ ጫጩቶቹን በቀዳዳው እንዲወጡና እንዲገቡ መተው ነው። እናቲቱ ካልራቀች እነሱም አይርቁም፤ የጭልፊት ጥላ ሲያዩም ሮጠው ይገባሉ። የግብርና ባለሙያዎች የሚያሳዩት በጭድ የተከበበ የእንጨት ሳጥንም አለ። የጫጩቶቹ የገዛ ሙቀት በጭዱ ተይዞ ስለሚቆይ ያለ መብራትና ያለ ከሰል ሌሊቱን ያሳድራቸዋል። መኖው ከቤት አይጠፋም፤ ከወንፊት የቀረ የማሽላና የበቆሎ ክክ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ከኩይሳ የተቆፈረ ምስጥ፣ ለትልልቆቹ ደግሞ የጠላ አተላ። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የተሻሻሉ ዝርያዎች በየቤቱ ገብተዋል። ሙሉ መኖ ካገኙ በዓመት ከ250 በላይ እንቁላል የሚጥሉ አሉ፤ ይህ በረከት ነው። ነገር ግን እነዚህ እምብዛም አይታቀፉም፤ መኗቸውም ይገዛል። ወድቆ የሚቀረውን ለቅማ እንቁላል የምታደርገው የአገሯ ዶሮ ናትና፣ አዲሷ መጣች ብለን አሮጌዋን ከጓሮ ባናጠፋት እመክራለሁ።

አሁን ወደ ጾሙ እንምጣ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ክርስቲያኑ ሥጋና እንቁላል አይበላም፤ ዶሮዋ ግን አትጾምም፤ መጣሏን አታቆምም። ይህ እንቁላል ምን ይሁን? ብዙዎች ለፋሲካ ገበያ እያሉ በጤፍ ወይም በሌላ እህል ውስጥ ያከማቹታል። ጥቂት ቀን ያቆያል እንጂ ሁለት ወር አያቆይም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 16 መናውን ከታዘዘው በላይ ያሳደሩት ሰዎች በማግስቱ ተልቶና ሸቶ አገኙት። ማባከን ኃጢአት እንደ ሆነ ሁሉ ያለ ልክ ማከማቸትም ወደዚያው ያደርሳል። የሸተተውን እንቁላል ከደህናው ጋር ቀላቅሎ መሸጥ ደግሞ ስርቆት ነው። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን እንቁላል ለገዢ አታቅርቡ።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ማስታቀፍ ነው። በጾሙ መግቢያ የታቀፈች ዶሮ በአራተኛው ሳምንት ላይ ጫጩቶቿን ይዛ ትነሣለች፤ በፋሲካ የአምስት ሳምንት ይሆናሉ። አውራዎቹ ከእንቁጣጣሽ እስከ ገና ባለው ጊዜ ለገበያ ይደርሳሉ፤ ቄቦቹም መጣል ይጀምራሉ። ስለዚህ ጾሙ ለዶሮ እርባታ እንቅፋት አይደለም፤ እንዲያውም መራቢያ ጊዜዋ ይሆናል። ሁለተኛው ጎረቤት ነው። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ አጥር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት የሚኖር ሕዝብ ነው። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ እንቁላሉና በሕይወት ያለችው ዶሮ ግን በሁለቱም ቤት ትገባለች። የጾም ጊዜ እንቁላላችንን ትኩስ እንደ ሆነ ለሙስሊም ጎረቤታችን በደህና ዋጋ ብንሰጥ እንቁላሉም አይበላሽም፣ ጉርብትናውም ይጠነክራል። ለሕፃናትና ለታመሙ መስጠትም እንዳለ አትርሱ።

ቅበላ ሲደርስ ሌላ ፈተና ይመጣል። ከነገ ጀምሮ አይበላም ተብሎ ከሚቻለው በላይ ይታረዳል፤ እኩለ ሌሊት ሲሆን ድስቱ ሳያልቅ ይቀራል። ለቤቱ የሚበቃውን ብቻ ማረድ፣ ከዚያም ላይ ለነዳያን አስቀድሞ መክፈል ይገባል። የምንሰጠው ነገ ስለማንበላው ከሆነ ምጽዋቱ ይቀላል፤ ትኩሱን ከፍለን ስንሰጥ ነው የሚከብደው፣ ዋጋውም የሚበዛው።

እናቶቻችን ዶሮን 12 ብልት አድርገው ያወጣሉ። ቁጥሩን ከ12ቱ ሐዋርያት ጋር የሚያያይዙት አሉ። ፈረሰኛው፣ መላላጫው፣ እግሩ፣ ክንፉ፣ አንገቱና ጀርባው ሳይቀር እያንዳንዱ ስምና ተቀባይ አለው። አንዲት ዶሮ በእንቁላል ታጅባ ትልቅ ቤተ ሰብ የምታዳርሰው በዚህ ሥርዓት ነው፤ ለልጆቻችሁ አስተምሩት። ጭንቅላቱን፣ ቆዳውንና ሆድ ዕቃውን ከጥሬው ለውሻ አትወርውሩ፤ ተቀቅሎ ይሰጠው። የእንቁላሉ ቅርፊት ደርቆ፣ ተቆልቶና ደቆ ከመኖ ጋር ሲቀላቀል ለሚጥሉት ዶሮዎች ጠንካራ ቅርፊት ይሆናል። ላባው ከኩስና ከገለባ ጋር ይቀበር፤ ቀስ ብሎ ይበሰብሳል። የምድጃው አመድም ዶሮዎቹ ተንከባለው ቅማል እንዲያራግፉበት በጓሮ ጥግ ይፍሰስ።

ኩሱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ትኩስ የዶሮ ኩስ ተክል ያቃጥላል። ከገለባና ከቅጠል ጋር ተከምሮ ጥቂት ወራት ከቆየ ግን ለጎመኑ፣ ለበርበሬውና ለጌሾው ከሚገዛ ማዳበሪያ አያንስም። በሐይቅ ዳር የምትኖሩ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ። የሐይቅ ውሃ በወንዝ የሚወጣበት መውጫ የለውም፤ ወደ ውስጡ የገባ ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ሲያስተምሩ የከበባቸው ይኸው ውሃ ነው። በጎርፍ መውረጃ ላይ የተከመረ ኩስ ማሳውን ሳያለማ ውሃውን ያበላሻል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መጠቀም ነው። ሁሉንም መጠቀም ግን አይፈቀድም፤ ይህን መለየት የመጋቢነት ዋና ነገር ነው። የመጀመሪያው ደም ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 ደም ሕይወት ስለሆነ እንዳይበላ፣ ይልቁንም ፈስሶ አፈር እንዲለብስ ታዝዟል፤ ሐዋርያትም በጉባኤያቸው ይህን አጸኑ። ስለዚህ ደሙ በተቆፈረ ጉድጓድ ይፍሰስ፣ አፈርም ይልበስ። ይህ ብክነት አይደለም፤ ሕይወት የእግዚአብሔር መሆኗን መመስከር ነው። የጓሮው ዛፍም ከሥሩ ይጠቀማል።

ሁለተኛው የታመመች ዶሮ ናት። ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ መንደር ሲገባ የኛ ሰው ልማድ ዶሮውን ሰብስቦ ወደ ገበያ መሮጥ ነው፤ «ሳይሞት ልሽጠው» ይላል። ሐሳቡ ከብክነት ማዳን ይመስላል፤ ነገር ግን አምስት ዶሮ ለማትረፍ ብሎ የሌላ መንደር ዶሮ ሁሉ እንዲያልቅ ማድረግ ነው። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ትእዛዝ በዶሮ ገበያም ይሠራል። የሞተችው በጥልቅ ትቀበር ወይም ትቃጠል፤ መንገድ ላይ፣ ገደል ውስጥ ወይም ሐይቁ ዳር አትጣል።

ሦስተኛው ጭዳ ነው። በዘመን መለወጫና በሕመም ጊዜ ጥቁር ወይም ገብስማ ዶሮ በሰው ራስ ላይ አዙሮ፣ አርዶ በመንታ መንገድ መጣል በአንዳንድ ቦታ አልቀረም። ይህ ሁለት ጊዜ ጥፋት ነው። አንድም፣ ስለ ኃጢአታችን አንድ ጊዜ የተሠዋ በግ እያለን ሌላ ቤዛ መፈለግ እምነትን መካድ ነው። ሁለትም፣ እግዚአብሔር ለምግብ የሰጠውን ለማንም ሳይሆን መጣል ነው። ያቺ ዶሮ ለአንድ የተራበ ቤት ብትሰጥ ኖሮ እውነተኛ ምጽዋት ትሆን ነበር።

ጭካኔም ከብክነት ይቆጠራል። በምሳሌ ምዕራፍ 12 ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ተጽፏል። ዶሮን እግሯን አስሮ፣ ዘቅዝቆ ከአምባሰል ገደላ ገደል እስከ ውጫሌ ገበያ መውሰድ ያሠቃያታል። በቅርጫት ብትወሰድ ሳትሞትና ሳትጎዳ ትደርሳለች፤ ገዢውም ደህና ዋጋ ይሰጣታል።

እናቶችና አባቶች፣ የሚቀጥለው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ የፈንግል ክትባት ጠይቁ፤ ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፣ አንዱ ዓይነትም በዐይን ጠብታ የሚሰጥ ነው። ክትባት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚበቃ አይደለምና መቼ እንደሚደገም ከባለሙያው ተረዱ፤ አንድ ቤት ብቻውን ከሚያስከትብ መንደሩ በአንድ ቀን ቢሰበሰብ ይሻላል። ከዚያም በጾሙ መግቢያ የምታስታቅፏትን ዶሮ ከአሁኑ ምረጡ፣ ጎጆዋንም አዘጋጁላት።