«ሥራ ሳልቀንስ አርኤን መማር እችላለሁ?»

ጥያቄ

ሲስተር፣ ሜሪላንድ ውስጥ ኤልፒኤን ነርስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በሳምንት አምስት ሌሊት ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በአንድ ኤጀንሲ በኩል ሕመምተኛ ቤት እየሄድኩ ቀኑን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት እይዛለሁ። ባለቤቴ ዩበር ይነዳል፤ ሁለት ልጆች አሉን፣ ትልቁ ሦስተኛ ክፍል ነው። አዲስ አበባ ያለችውን እናቴን የምጦረው እኔ ነኝ፤ የታናሽ ወንድሜ የኮሌጅ ክፍያም በእኔ ላይ ነው። ቀጣዩ የነርስነት ደረጃ ለሆነው ለአርኤን ቀድመው የሚወሰዱትን ኮርሶች ጨርሻለሁ። ባለቤቴ «ሌሊት እየሠራሽ ቀን ትማሪያለሽ፣ ስንቱ አድርጎታል» ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሌላ ስቴት ውስጥ ክሊኒካል (የሆስፒታል ልምምድ) የማያበዛ፣ ቶሎ የሚያስጨርስ ትምህርት ቤት እንዳለ ነገረችኝ። ሥራ ሳልቀንስ መማር እችላለሁ? ወይስ 38 ዓመት ስለሞላኝ ብተወው ይሻላል? ቢመክሩኝ።

ግራ የገባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እኅቴ፣ የዕድሜሽን ነገር እንተወው። ገና ሃያዎቹን ካልጨረሱ ልጆች ጋር ስትቀመጪ በመድኃኒት እውቀትም በሕመምተኛ አያያዝም የምትቀድሚው አንቺ ነሽ። ቁም ነገሩ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ነው፤ መልሱም «አይቻልም» ነው። አርኤን መማር ትችያለሽ፤ አሁን የያዝሽውን ሰዓት ሁሉ እንደያዝሽ ግን አትችይም።

ባለቤትሽ «ስንቱ አድርጎታል» ማለቱ ከክፋት አይደለም። ችግሩ የሚታየን የጨረሰው ሰው ብቻ መሆኑ ነው። የተመረቀው ፎቶውን ይለጥፋል፣ ድግስ ይደግሳል፤ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ የወደቀው ግን ለማንም ሳይናገር ወደ ሺፍቱ ይመለሳል።

እስቲ አብረን እንደምር። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው። ነርሲንግ ሆሙ 40፣ ኤጀንሲው 24 ይወስዳል፤ 64 ሆነ። የፌዴራሉ የክሬዲት ሕግ ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከክፍል ውጭ ሥራ ብሎ ነው የሚያስበው፤ 10 ክሬዲት ስትይዢ 30 ሰዓት ገደማ ሄደ ማለት ነው። በቀን ሰባት ሰዓት ብትተኚ 49። የሚተርፍሽ 25 ሰዓት፣ በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። መንገዱ፣ ምግብ ማብሰሉ፣ ገላ መታጠቡ፣ የልጆቹ የቤት ሥራ፣ ለእናትሽ መደወሉ ሁሉ እዚያች ውስጥ መግባት አለበት። አይበቃም። ያልበቃው ደግሞ ሁልጊዜ የሚነሣው ከእንቅልፍ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ከሌሊት ሺፍት ወጥተሽ በቀጥታ ክሊኒካል ብትገቢ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስትነጂ ዓይንሽን ሳትከድኚ ሃያ ሰዓት አልፎሻል። ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ 17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚስተካከል ሆኖ አግኝተውታል፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ ከ0.10 በመቶ ጋር። ሜሪላንድ ውስጥ 0.08 ይዞ መንዳት ወንጀል ነው። አንቺ በዚያ ሁኔታ ኢንሱሊን ልትለኪ፣ ቀጥሎም ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ ልትወጪ ነው። ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች ከክሊኒካል በፊት ባለው ሌሊት መሥራትን የሚከለክሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ መምህሯ እንቅልፍ እንዳጣሽ ካየች ወደ ቤት ትመልስሻለች፣ ቀኑም እንደቀረሽ ይቆጠርብሻል።

ታዲያ ምን ይቀነስ? በእኔ አስተያየት የምትተዪው ሌሊቱን ነው፣ ከእሱም ጋር ኤጀንሲውን። ነርሲንግ ሆምሽ የቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም እንዳለው ማናጀርሽን ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ «ቤይለር» ይሉታል። ቅዳሜና እሑድን ብቻ 24 ሰዓት ትሠሪያለሽ፤ አንዳንዱ ቤት የ30፣ አንዳንዱ የ36 ሰዓት ይከፍላል፣ የጤና ኢንሹራንሱንም የሚሰጥ አለ። እንደ ቤቱ ይለያያልና የሚሉሽን በጽሑፍ ተቀበዪ። እንዲህ ከሆነ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለትምህርት፣ ሌሊቱ ለእንቅልፍ ይሆናል። ለመጀመሪያው ሴሚስተር 24 ሰዓት ይበቃሻል። ውጤትሽን ካየሽ በኋላ አንድ የማታ ሺፍት መጨመር ይቻላል፣ ከ32 ግን አትለፊ። እሑድ ቅዳሴ እንደሚቀርብሽ አውቃለሁ፤ እሱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪበት።

ገንዘቡ ይጎድላል፣ አልዋሽሽም። ግን ሳይጠየቅ የሚቀር ገንዘብ ብዙ ነው። አሠሪሽ ለትምህርት የሚከፍል ከሆነ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ታክስ አይቆረጥበትም። በምላሹ «ይህን ያህል ጊዜ ታገለግያለሽ፣ ከለቀቅሽ ትመልሻለሽ» የሚል ውል ያስፈርሙሻልና ከመፈረምሽ በፊት አንብቢው። ሁለተኛው ፋፍሳ፣ የፌዴራሉ የተማሪዎች የገንዘብ ርዳታ ማመልከቻ ነው። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ሊያመለክት ይችላል፤ ፔል ግራንት ከደረሰሽ አይመለስም። ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ፋፍሳ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት ያስገባሽውን ታክስ ነው። ያኔ ሁለት ቦታ ስትሠሪ ስለነበር ሀብታም ትመስያለሽ፣ መልሱም «አይገባሽም» ይሆናል። በዚህ ተስፋ ቆርጠሽ እንዳትቀሪ። የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄደሽ ለትምህርት ብለሽ ሰዓት መቀነስሽን በማስረጃ አሳይተሽ ገቢሽ እንደገና እንዲታይልሽ ጠይቂ። ቢሮው ይህን የማድረግ ሥልጣን አለው፤ ካልጠየቅሽ ግን ማንም አይነግርሽም። ባለቤትሽ ሲያመነታ ደግሞ የፌዴራሉን የሥራ ስታትስቲክስ ቢሮ የ2023 አኃዝ አሳዪው፤ መካከለኛው ዓመታዊ ደመወዝ ለኤልፒኤን 59,730 ዶላር፣ ለአርኤን 86,070 ዶላር ነው።

አሁን ወደ እናትሽ። ደብዳቤሽን ሳነበው ከሁሉ የከበደሽ ይሄ መሰለኝ። መላኩን አታቋርጪ፣ ቀንሺው፤ የምትቀንሺውንም ትምህርቱ ሳይጀመር ቁጥር ጠቅሰሽ ንገሪያት። «ከመስከረም ጀምሮ በወር ይህን ያህል ነው የምልከው፣ ስጨርስ እንደ ድሮው ይሆናል» ስትባል እናት ትመርቃለች እንጂ አትቀየምም። የምትቀየመው ወር ጠብቃ ሲቀርባት፣ ስልክም ሳይነሣላት ሲቀር ነው። ወንድምሽ ግን አዋቂ ሰው ነው፤ ክፍያውን ግማሽ በግማሽ ተነጋገሩበት። አንዱን ለማስተማር ሌላው ሳይማር መቅረት አለበት የሚል ሕግ የለም። ለቅሶውም፣ ክርስትናውም፣ ሠርጉም እንዲሁ ነው፤ ለወዳጅ ዘመድ ትምህርት ላይ መሆንሽን አስቀድመሽ አሳውቂ። የቀረብሽን ለቅሶ በስልክ አጽናንተሽ በበጋው ዕረፍት ትደርሻለሽ። ሐሜቱ አይቀርም፣ ይሙሽ።

ባልደረባሽ ወደነገረችሽ ትምህርት ቤት እንዳትጠጊ። በጥር 2023 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ፍሎሪዳ ውስጥ የነበሩ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማ ሸጠዋል ብሎ 25 ሰዎችን ከሰሰ። ከገዢዎቹ ከሁለት ሺህ በላይ የሚሆኑት የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን አልፈው ነበር፤ ዲፕሎማው ሐሰት ስለነበር ግን ፈተና ማለፋቸው አላዳናቸውም፣ በተለያዩ ስቴቶች የብዙዎቹ ፈቃድ ተሰረዘ። አንቺም እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ብትገቢ የምታጪው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፣ በላብሽ ያገኘሽው የኤልፒኤን ፈቃድም አደጋ ላይ ይወድቃል። ማንኛውም ትምህርት ቤት ሲነገርሽ መጀመሪያ የሜሪላንድ ቦርድ ኦፍ ነርሲንግ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን፣ ቀጥሎ ከተማሪዎቹ ስንት በመቶው ፈተናውን እንዳለፉ ተመልከቺ፤ ሁለቱም ለሕዝብ ክፍት ናቸው። በአካባቢሽ የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ማኅበረሰብ ኮሌጆች አሉልሽ። ለኤልፒኤን የሚቀንሱት ምን እንደሆነ አማካሪዎቻቸውን ጠይቂ፤ የሳይንስ ኮርሶችሽ ጊዜ አልፎባቸው እንደሆነም አብረሽ አጣሪ።

ስለ ጥናቱ አንድ ነገር ብቻ። ልምድ ያላቸው ኤልፒኤኖች ፈተና ላይ የሚሰናከሉት «ሥራ ላይ እኮ እንዲህ ነው የምናደርገው» ብለው ሲመልሱ ነው። የአርኤን ፈተና የሚጠይቅሽ ከአራት ሕመምተኛ ማንን አስቀድመሽ እንደምታዪ፣ የትኛውን ሥራ ለኤልፒኤን፣ የትኛውን ለረዳት እንደምትሰጪ ነው። እስከ ዛሬ ሥራ ተቀባይ ነበርሽ፣ ፈተናው የሚያስብሽ ግን ሰጪ አድርጎ ነው። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ የአንድን ሕመምተኛ ታሪክ እየተከተሉ የሚመልሷቸው ጥያቄዎች ስለተጨመሩ ሽምደዳ ብቻውን አያወጣም።

ማመልከቻሽን አስገቢ። ቦታ ካገኘሽ ትምህርቱ ከመጀመሩ ሁለት ወር ቀድመሽ ሰዓቱን ቀንሺና ቤታችሁ በአዲሱ ገቢ ይኑር። ኪራዩ፣ የመኪናው ክፍያ፣ ወደ ቤት የሚላከው ሁሉ ከእሱ ይከፈል፤ ባለቤትሽም ልጆቹን ጠዋት ማድረስ ይልመድ። ከጎደለ ስንት እንደጎደለ በቁጥር ታውቂዋለሽ፤ ያኔ ባለቤትሽ ሰዓት ይጨምር ወይም አንቺ አንድ ሴሚስተር አዘግዪ። ከማዘግየትሽ በፊት ግን ያገኘሽው ቦታ ይቆይልሽ እንደሆነ ኮሌጁን ጠይቂ፤ አንዳንዶቹ እንደገና አመልክቺ ይላሉ።