የመርሳት በሽታ ላደረባቸው ወላጆች የሚገባ እንክብካቤ

በየቁምስናችን ሕሙማንን ስንጎበኝ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባቶችና እናቶች የልጆቻቸውን ስም ሲስቱ፣ በገዛ ቤታቸው ተቀምጠውም «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉ እንሰማለን። አንዳንዶቻችን «ጃጅተዋል» ብለን እናልፈዋለን፤ ሌሎችም የእርግማን ሥራ ያደርጉታል። ሁለቱም አስተሳሰቦች ሕመምተኛውን ይጎዳሉ።

ሀ. ሕመሙን ማወቅ

እርጅና ብቻውን አእምሮን አያጠፋም፤ የመርሳት በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። ከዓይነቶቹ እጅግ የተስፋፋው፣ ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1906 ለሐኪሞች ጉባኤ ባቀረበው በጀርመናዊው ሐኪም በአሎይስ አልዛይመር ስም ይጠራል። ፈጽሞ የሚፈውሰው መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ሆኖም የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መታወክና ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ይህንኑ በሽታ ሊመስሉ ይችላሉ፤ እነርሱም ሕክምና አላቸው። ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይገባል።

ለ. በቤት ውስጥ

በሽታው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚወስደው የቅርቡን ትዝታ ነው፤ የጥንቱ ይቆያል። እንግዲህ «አባታችሁ የት ሄዱ?» ለምትል እናት «ከሞቱ ዐሥር ዓመት ሆናቸው» ብሎ መመለስ፣ መርዶውን በየቀኑ እንደ አዲስ ማርዳት ነው። «አባባ ናፈቁሽ? እስቲ ስለ እርሳቸው አጫውቺን» ማለት ይሻላል። ይህ ሐሰት መናገር አይደለም፤ ከጥያቄው በስተጀርባ ላለው ናፍቆት መልስ መስጠት ነው።

«ገንዘቤን ሰረቃችሁኝ» ማለትም ከበሽታው ጠባይ አንዱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሕመምተኛው ራሱ ያኖረውን ረስቶታል። ስለዚህ ምራት ወይም የቤት ሠራተኛ ያለ በደሏ ስሟ እንዳይጠፋ፣ እንጀራዋንም እንዳታጣ፣ ከመፍረድ በፊት ዕቃውን መፈለግ ግዴታችን ነው።

ከሰል እየነደደ ሕመምተኛውን ብቻውን አንተወው። ወጥቶ መንገድ ቢስት እንዲመልሱትም ለጎረቤትና ለሰፈሩ ባለሱቅ አስቀድመን እንንገር።

ሐ. የአስታማሚዋ ሸክም

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3፣ አባት ማስተዋሉ ቢጎድል እንኳ ልጁ እንዲታገሠው ያዝዛል። ይህ ትእዛዝ ለልጆች ሁሉ የተሰጠ ሲሆን፣ በየቤቱ ግን ሸክሙ በአንዲት ሴት ልጅ ትከሻ ላይ ሲወድቅ እናያለን። ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን ዕረፍት የላትም፤ ብትቆጣ ሁሉም ይወቅሳታል፣ ብትደክም የሚተካት የለም። ለለቅሶ ሩቅ አገር የምንጓዝ ዘመዶች፣ ሕመምተኛው በሕይወት ሳሉ በሳምንት አንድ ቀን ተክተናት ብንቀመጥ ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይበልጣል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም እነዚህን ቤቶች ሲጎበኙ ንግግራቸውን ያሳጥሩ፤ ከልጅነት ጀምሮ የታወቀውን ጸሎት በዝግታ አብረው ይድገሙ። የሰው ስም የጠፋባቸው አረጋውያን ጸሎቱን ተቀብለው ሲጨርሱ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ለውይይት

1. በአካባቢያችን ሕመምተኛ በማስታመም ምክንያት ቅዳሴ የቀረች እኅት አለችን? ማን ይተካታል?
2. «ጃጅተዋል» የሚለው ቃል ከየትኛው ኀላፊነት ነጻ ያወጣን ይመስለናል?